የእናቴ ክንድና ነጩ ሽፋን

መምህራችን ስለ ፋሺያ ሲያስተምሩን፣ "ሥጋ ቤት አይታችሁት ታውቃላችሁ" አሉን። ሥጋ ሲበለት በቢላዋ ጫፍ ተገፎ የሚጣለው ነጭ ስስ ሽፋን ነው። አንዱ ንብርብር ከቆዳ ሥር ይገኛል፤ ሌላው ወደ ውስጥ ገብቶ ጡንቻን፣ ነርቭንና ደም ሥርን በየክፍሉ ጠቅልሎ ይይዛል። ጡንቻ ከጡንቻ ጋር ሳይፋተግ እንዲንሸራተት የሚያደርገው፣ የአንዱንም ጉልበት ለሌላው የሚያቀብለው እሱ ነው። ያለ እሱ ሰውነት ቅርጽ አይኖረውም። የክንድና የባት ሽፋን ግን ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አይለጠጥም።

"ውስጡ ቢያብጥ ቦታ አይለቅም" አሉ መምህሩ። ሁሉም ጻፈ። እኔ አልጻፍሁም፤ ይህን ከእናቴ ክንድ አውቀው ነበር።

እናቴ ሐሙሲት ከተማ ውስጥ ሹሩባ ትሠራ ነበር። ያሳደገችኝ በጣቶቿ ነው። እኔ ባሕር ዳር የሕክምና ትምህርት በጀመርሁ ሰሞን ከሚኒባስ ስትወርድ ጭቃ አዳለጣትና ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። ጎረቤት ወጌሻ ጠራላት። አካባቢው የሚያመሰግናቸው ሽማግሌ ናቸው። አጥንቱን አቃንተው፣ በቀርቀሃ ስንጥር ደግፈው፣ በጨርቅ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ከዚያ "እኔ ሳልመጣ ማንም እንዳይፈታው" ብለው ለለቅሶ ወደ ገጠር ሄዱ። በእኛ ዘንድ የሚፈታው ያሰረው ሰው ነው። ሌላ እጅ ከነካው አጥንቱ ይሸሻል ይባላል።

አክስቴ ደውላልኝ ከባሕር ዳር ስመጣ ጣቶቿ አብጠው፣ ቀዝቅዘው አገኘኋቸው።

"እስኪ ዘርጊልኝ፣ እማ።"

"የሌላ ሰው ጣት ሆነዋል እኮ፤ አይታዘዙኝም" ብላ ልትስቅ ሞከረች። እኔው ቀስ ብዬ ላቃናቸው ስል ጮኸች።

"እንፍታው" አልሁ።

አክስቴ ከበሩ ላይ ሳቀችብኝ። "አይ ዶክተር! በስንት ቀንሽ ተመረቅሽ? ሲጠግን ያማል። አጥንት እንዲሁ የሚገጥም መሰለሽ?"

"ተያት፣ ለኔ ብላ ነው" አለች እናቴ። ወደ እኔ ዞራም፣ "ሽማግሌውን አናስቀይማቸው፣ ልጄ። ነገ ይመጣሉ" አለችኝ።

በማግስቱ አልመጡም። ጣቶቿ መጥቆር ሲጀምሩ ኮንትራት መኪና የለመነችው ያችው አክስቴ ናት። እስከ ባሕር ዳር ሆስፒታል ድረስ የእናቴን ክንድ ደግፋ ይዛ ሄደች።

ሐኪሙ ጨርቁን ቀደደው። ክንዱ ግን አልተነፈሰም፤ ከጨርቁ ሥር ሌላ እስር ነበረ። ጡንቻው አብጦ፣ ሽፋኑ አልለጠጥ ብሎ፣ ደም መግቢያ አጥቶ ነበር። ሐኪሞቹ ቆዳውንና ሽፋኑን በቁመት ከፈቱት። እጇ አልተቆረጠም። ከጡንቻው ብዙው ግን ሞቶ ነበር።

አሁን በሞተው ጡንቻ ቦታ ጠባሳ ተተክቷል። ይንሸራተቱ የነበሩት ንብርብሮች ተጣብቀዋል፤ ጣቶቿንም ወደ መዳፏ ስበው አጥፈዋቸዋል። መምህሬን ከክፍል በኋላ ጠብቄ ጠየቅኋቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ስለ ማሸት፣ ስለ ማፍታታት ብዙ ነገሩኝ። ይመለሳል ግን አላሉኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። እጇን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ጣቶቿን አንድ በአንድ እዘረጋለሁ። ባለፈው ይህን ስናደርግ ከድሮ ደንበኞቿ አንዷ ለሠርግ ሹሩባ ልትሠራ መጣች፤ ወሬው አልደረሳትም ነበር። እናቴ እጇን ከነጠላዋ ሥር ከተተችና ሌላ ሹሩባ ሠሪ ጠቆመቻት።

ሴትዮዋ ስትሄድ፣ "በቃ ተይው፣ ልጄ" አለችኝ። "ፈተና አለብሽ። አንቺም አትድከሚ።"

"ትንሽ እየተፈታ ነው፣ እማ።"

"እሱማ አንቺ ስትይዢው ነው።"

እጇን መልሼ ውኃው ውስጥ አስገባሁት። መሃል ጣቷን እስከቻልሁት ድረስ አቃናሁት፤ ስለቀው ቀስ እያለ ታጠፈ።