ማሽኑ መጣ፣ ኤሌክትሮዱ ቀረ

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብየዳ አስተምራለሁ። ከማስተማሩ ይልቅ ያደከመኝ ግን የእርዳታ ገንዘብ እንዲሰጡን ማመልከቻ መጻፉ ነው። እጽፋለሁ፣ አስተካክል ብለው ይመልሱልኛል፣ እንደገና እጽፋለሁ።

በመጨረሻ ተፈቀደና የብየዳ ማሽኖቹ መጡ። የኮሌጁ ዲን ትከሻዬን መታ አድርጎ «በል እንግዲህ፣ ከዚህ በኋላ ሰበብ የለህም» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ኤሌክትሮድ፣ ያን ሲበየድ እየቀለጠ የሚያልቀውን ዘንግ፣ ልጠይቅ ንብረት ክፍል ስሄድ ነው። እርዳታው ማሽን እንጂ አላቂ ዕቃ አይገዛም። አላቂውን ኮሌጁ ይቻል ተብሏል፤ ኮሌጁ ደግሞ በጀቱን ጨርሷል።

ስለዚህ ብየዳን በጠመኔ አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ ብረት እስላለሁ፣ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ። ከመካከላቸው አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር የሆነ አንዲት የሱማሌ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን እጇን አወጣች።

«መምህር፣ እሳቱን መቼ ነው የምናየው?»

«ይደርሳል» አልኳት።

«ባለፈውም እንደዚሁ ብለውን ነበር።»

እያሾፈች አልነበረም። ጠመኔዬን አንስቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

በማግስቱ ከቀፊራ ገበያ ወረድ ብሎ በርና መስኮት የሚሠራ አንድ የሰፈሬ ሰው ዘንድ ሄጄ ችግሬን ነገርኩት።

«አቦ፣ ከምሳ በኋላ ይምጡ» አለኝ። «እኛ ያኔ ጫታችንን ይዘን ጥላ ውስጥ ነን። ማሽኑ ሥራ ፈቶ ነው የሚውለው።»

«ኤሌክትሮዱስ?»

«ከእኔ ይሁን። ልጆቹ የሚረባ ነገር ከሠሩ እሸጠዋለሁ፤ ካልሠሩ ቁራሌው ይወስደዋል።»

ከተማው በሩን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት እኔና ተማሪዎቼ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆመን እንበይድ ጀመር። ሙቀቱ ከላይ፣ እሳቱ ከታች። ጉልበቴ የዱሮው አይደለም፤ ቤቴ ስገባ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ እሰንፍ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የልጅቷ ኤሌክትሮድ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ አስቸገራት። እየነቀለች፣ እየደገመች፣ ዓመቱ ሳያልቅ የብየዳ ስፌቷ ቀጥ ያለ ሆነ።

ከዚያ የእርዳታ ሰጪዎቹ ሰዎች ሊጎበኙን መጡ። ዲኑ ለዕለቱ የሚሆን ኤሌክትሮድ ከራሱ ኪስ አስገዝቶ ልጅቷ እንድትበይድ አደረገ። ከጎብኝዎቹ አንዷ ሴት ሥራዋን ጎንበስ ብላ አየችና ፈገግ አለች።

«በዚህ ማሽን ብዙ ተለማምደሻል ማለት ነው?»

«አይ፣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለች ልጅቷ። «የተማርኩት ሰፈር ውስጥ፣ ብረት ቤት ነው።»

ዲኑን አሳለው። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። ስንት ጊዜ በልቤ ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ፤ ያኔ ግን «ኤሌክትሮድ የለንም» ከማለት ሌላ ምንም አልወጣኝም።

«በሚቀጥለው ዙር እናስብበታለን» አለችኝ። ከልቧ ይመስለኛል። የሚቀጥለው ዙር ግን ለኮምፒውተር ሆነ።

ልጅቷ የብቃት ምዘናውን አለፈችና ባለ ብረት ቤቱ ቀጠራት። አባቷ ሴት ልጅ ከብረት ጋር ምን አላት ብሎ አኩርፎ ከርሞ ነበር። ኋላ የመኪናው ስፖንዳ፣ የጭነቱ የጎን ብረት፣ ሲሰነጠቅ ሌላ ጋ አልወሰደውም፤ ለእሷ ይዞላት መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሥራዋን እስክትጨርስ ፊቱን አዙሮ ቆመ፣ ከዚያ በእጁ ዳሰሰውና በሱማሊኛ አንድ ነገር አላት። ምን እንዳላት አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ሳምንት ዲኑ አዲስ እርዳታ ወጥቷልና ጻፍ አለኝ።

«ደክሞኛል፤ ሌላ ሰው ይሞክረው» አልኩት።

«ማን አለ ሌላ?»

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ሸሚዙን በላብ ከራሰ ደረቱ ላይ እያላቀቀ። እኔም የማመልከቻውን ቅጽ ወደ ራሴ ሳብኩና አላቂ ዕቃ ይገዛ እንደሆነ ማንበብ ጀመርኩ።