ጥሩምባ ያልተነፋለት ሞት

ልጄ በቴሌቪዥን ቀርባ አባቴ ሞቷል አለች። አልሞትኩም። ኮልፌ ውስጥ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ፤ በሰፈራችን ሰው ሲሞት በየመንደሩ ዞሬ የማስታውቀው እኔ ነኝ። የራሴን ግን ከሷ ሰማሁ። በማግስቱ የሩቅ ዘመዶች ነጠላ አዘቅዝቀው ሊያለቅሱ መጡ፤ በር የከፈትኩላቸው እኔው ነበርኩ።

ሰብለ ፒያኖ ተጫዋች ናት። ከውጭ አገር መጥታ ቦሌ አንድ ሆቴል አዳራሽ እንደምትጫወት ስሰማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጥሩምባዬን በፌስታል ይዤ ተነሳሁ። የሄድኩት በገዛ አፏ እንድታርመው ነው።

ከ18 ማዞሪያ

የታክሲው ረዳት የጥሩምባውን አፍ ከፌስታሉ ወጥቶ አይቶ፣ "አባባ፣ ማን ሞቶ ነው?" አለኝ።

"እኔ።"

ለሟች ጋቢና ይለቀቅ ብሎ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጠኝ።

አጠና ተራ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ለሰብለ ፒያኖ ያደረግኩላትን ጣውላ የገዛሁት እዚህ ነው። ሰብለን በሕፃንነቷ ኪቦርድ ያስነኳት የጎረቤት ጴንጤዎች ናቸው፣ ጸሎት ቤታቸው ውስጥ። እኛ ቤት ኪቦርድ የለም፤ ጣውላ ላይ ነጭና ጥቁር ቀብቼ ሰጠኋት። ድምፅ የሌለው ጣውላ ስትነካካ አደገች። ከዚያ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ነፃ የትምህርት ዕድል፣ ከዚያ ስሙን አጥርቼ የማልጠራው አገር። አሁን ፈረንጅ ከወንበሩ ተነስቶ ያጨበጭብላታል።

አዳራሹ

በር ላይ ወረቀት ሰጡኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በማታ ትምህርት ነው፤ ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት። "አባቷን በልጅነቷ ያጣች" ይላል። ለካ ማንበብ የተማርኩት ለዚህ ነው።

አጨዋወቷን አልዋሽም፣ ጥሩ ነበር። ጣቶቿ ጣውላው ላይ ይሄዱ እንደነበረው ነው የሚሄዱት፤ አሁን ግን ይሰማል።

ሲያልቅ ከመድረኩ ጀርባ ገባሁ። አይታኝ ክው አለች።

"አባዬ፣ አባትሽ ምን ይሠራል ሲሉኝ፣ ሞት ለፋፊ ነው እያልኩ ማስረዳት ሰለቸኝ። ሞቷል ስል ዝም ይላሉ።"

"እኔ የሟች ስም ብሳሳት ምን አደርጋለሁ?"

ታውቃለች፤ ልጅ ሆና አብራኝ ዞራለች። "በሄድክበት መንገድ ሁሉ ተመልሰህ ታርማለህ" አለች።

"እንግዲያው።"

በቴሌቪዥን አርማለሁ አለች። ለቅሶ የመጣብኝ በቤቴ ነው፣ ሰፈሬ መጥተሽ አርሚ አልኳት። አለቀሰች። አላባበልኳትም።

ወደ ቤት

መሸትሸት ሲል ኮልፌ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ልጁን ለሰው አገር የሰጠ አባት፣ መኖሩን ራሱ ዞሮ ማስታወቅ አለበት።

ከጥቂት ቀን በኋላ በማለዳ መጣች። ጣቷን ብርድ እንዳይነካባት ጓንት አድርጋለች። እኔ ጥሩምባውን ነፋሁ፣ እሷ "አባቴ አልሞተም፣ ዋሽቼ ነው" አለች። አይሰማም አልኳት። ከማዞሪያው እስከ መንደራችን ዳር ድረስ በየበሩ ደጋገመችው። አንዲት አሮጊት በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ "እናውቃለን እኮ፣ ትናንት ጎመን ሲገዛ አይተነዋል" ብለው ዘጉባት። እሷ ግን አላቆመችም።

ቀኑ ጥር 27 ነበር።