ኦባንግ እና ኡባንግ

ባለፈው ወር መታወቂያዬን ለማሳደስ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ፣ «እማማ፣ የአባትዎ ስም፣ ጸጋዬ፣ በየትኛው ጸ ነው የሚጻፈው?» አለችኝ። ተራ ጥያቄ ነው። እኔ ግን አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ሙቀቱ ያደከመኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። እዚህ ጋምቤላ አንድ ፊደል በሰው ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከኔ ይበልጥ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ከጎሬ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና መውጣቴ ነው። ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ዓመት ግድም ቀርቷቸዋል፤ ይህን ግን ማንም አያስበውም ነበር። የጫነን መኪና ከቡሬ ቁልቁል መጠምዘዝ ሲጀምር ጉሙ ወደ ላይ ቀረ፤ ነጠላዬን አወለቅኩ፤ ቀጥሎ ሹራቤን። ጋምቤላ ስንደርስ የማንጎ ወቅት ነበር። እያስተማርኩ ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ዷ ብሎ ሲወድቅ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እነዚያን የመጀመሪያ ሳምንታት እወዳቸዋለሁ። ማንንም አልበደልኩባቸውም።

የፓርላማ ምርጫ ደረሰና ጽሕፈት የሚችል ሰው ስለጠፋ መራጮችን እንድመዘግብ ታዘዝኩ። ያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል የለም። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ይሰጠዋል፤ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሥዕሉን አይቶ ይመርጣል። ለኛ ምርጫ ወረዳ መጀመሪያ የቀረቡት ከጎሬ የመጡ አንድ ባለርስት ብቻ ነበሩ፤ ምልክታቸው ፋኖስ። ሌላ ተወዳዳሪ ይኖራል ብሎ የጠበቀም አልነበረም።

በባሮ ዳር ወዳሉት መንደሮች የምሄደው ከክሊኒኩ ድሬሰር ከኦቻላ ጋር ነበር። እርሱ መድኃኒት ያድላል፣ እኔ እመዘግባለሁ፣ ታንኳው አንድ ነው። ኦቻላ የአካባቢው ተወላጅ አኙዋክ ነው፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፣ አማርኛው ከኔ የጠራ፣ ቀልደኛ ሰው። አንድ መንደር ስንደርስ አንዲት እናት በወባ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ታቅፋ ጠበቀችን። የወባው ክኒን ያለፈው መንደር ላይ አልቆ ነበር። ሕፃኑ እኛ እዚያው እያለን ሞተ። ስንመለስ ኦቻላ እየቀዘፈ፣ «ወርቅነሽ፣ እዚያ አዲስ አበባ ስለኛ የሚቀመጡት ሰው ባሮን ተሻግረው አያውቁም። እኔ እወዳደራለሁ» አለ።

ንብረት የሌለው መወዳደር አይችልም ነበርና፣ በሳምንቱ ቆርቆሮ ክዳን ያላትን ቤቱን ንብረት ብሎ አስመዝግቦ ተወዳዳሪ ሆነ። ዓሣ ምልክቱ ሆኖ ደረሰው። በመንደሩ ሁሉ እልል ተባለ።

አሁን የኔን ጥፋት ልናገር። የአኙዋክ ወንዶች ስም ብዙውን ጊዜ የሚጀምርበት ድምፅ ለኔ ጆሮ በኦ እና በኡ መካከል ነበር። መንደር ላይ የመራጭ ካርድ ስሰጥ እንደሰማሁት ጻፍኩ። ትምህርት ቤት ተመልሼ ወደ ትልቁ መዝገብ ስገለብጥ ደግሞ እጄ እንዳመጣው ጻፍኩ። ካርዱ ላይ ኦባንግ ያልኩት መዝገቡ ላይ ኡባንግ ሆነ፤ ኦሞድ ኡሞድ ሆነ። አይቼዋለሁ። ምን ልዩነት አለው ብዬ ተውኩት።

የምርጫው ቀን በክረምት ነበር፤ ባሮ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ቀልቷል። በመጨረሻው ሰዓት የወንዝ ዳር መንደሮች ሁሉ ከተማ መጥተው ይምረጡ ተባለ። ይቀራሉ ብለን ነበር። ጠዋት ስንመጣ ዳርቻው ታንኳ በታንኳ ሆኗል። የደረቀ ዓሣና የተጠበሰ እሸት በቆሎ ስንቅ ይዘው፣ ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ያቺ ሕፃን ልጇ የሞተባት እናት ሳትቀር ተሰልፈዋል።

የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ አቶ ደምሴ ሰልፉን በመስኮት አዩና ካርድ ከመዝገብ ወደማስተያይበት ጠረጴዛ መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ። ከፊቴ የነበረው ኦባንግ የሚባል ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። ካርዱን ከእጁ ወሰዱ።

«ይህ ምን ይላል?»

«ኦባንግ።»

«መዝገቡስ?»

«ኡባንግ። ያው ናቸው አቶ ደምሴ፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

«ያው ከሆኑ ለምን ለያየሻቸው? ሕጉ ስሙ አንድ ይሁን ይላል። የማይገጥመውን መልሺ።»

አላስፈራሩኝም። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ደመወዝሽን አስቆርጣለሁ ወይም አሳስርሻለሁ ብለውኝ ቢሆን ዛሬ የምለው ነገር ይኖረኝ ነበር።

ሽማግሌው ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ በአማርኛ ተናገረኝ። «ልጄ፣ እኔ መጻፍ አላውቅም። ስሜን ላንቺ ሰጠሁሽ። የትኛውን ነው ያልሆንኩት?»

«ቀጥሎ ያለው ይግባ» አልኩ።

የከተማው ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ በዚያው ሰልፍ ላይ ነበር። ከበደ በካርዱም ከበደ ነው፣ በመዝገቡም ከበደ። እነርሱ ገቡ። ሌሎቹን አንድ በአንድ መለስኩ። እኩለ ቀን ላይ ኦቻላ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ለተወዳዳሪ መግባት ክልክል ስለነበር ከውጭ ሆኖ ነው የተናገረኝ።

«ወርቅነሽ፣ አንዲት ቃል ብቻ በይላቸው። ስህተቱ የኔ ነው፣ መዝገቡን ላርመው በይ።»

አቶ ደምሴ አዩኝ። እኔ መዝገቡን አየሁ። ኦቻላ ጥቂት ጠበቀኝና ሄደ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ፤ ታንኳዎቹ እየተከታተሉ ተመለሱ። ፋኖስ አሸነፈ።

ያ ሁሉ የተደረገለት ወንበር ብዙ አልቆየም፤ በሚቀጥለው ዓመት አብዮቱ ፈነዳና ምክር ቤቱ ራሱ ተዘጋ። ኦቻላ ግን ያን ጊዜ ከክሊኒኩ ወጥቷል። ሩቅ አገር ቢመድቡት አልሄድም ብሎ ሥራውን ለቆ መንደሩ ገባ፤ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ወንዝ ዳር አገኘሁትና እያለቀስኩ ይቅርታ ለመንኩት። እንደዚያ የሚያምር አማርኛ ያለው ሰው በአኙዋክኛ መለሰልኝ። ቋንቋውን ለምጄ ስለነበር ገባኝ። «ውሃው ሞልቷል» ነው ያለው። መረቡን አንስቶ ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ወባ ገደለው፤ ያን ጊዜም ክሊኒኩ ክኒን አልነበረውም አሉ።

ጋምቤላን አልለቀቅኩም። ለምን እንደሆነ ብጠየቅ አላውቅም። ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተማርኩ፤ ካስተማርኳቸው አንዷ የኦቻላ ልጅ አሪየት ናት። ሲሞት ጨቅላ ነበረች። ዛሬ ነርስ ሆና በየወሩ የደም ግፊቴን የምትለካኝ እርሷ ናት። አንድ ቀን ክንዴን በመለኪያው እየጠቀለለች፣ «ቲቸር፣ አባቴ ለፓርላማ ተወዳድሮ ነበር አሉ። ሕዝቡ ግን አልፈለገውም» አለችኝ።

ሕዝቡማ በሞላ ውሃ ላይ እየቀዘፈ መጥቶ ነበር። ይህን ለመንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በልቤ ስሟን ጠርቼ፣ ቃሉን አዘጋጅቼ የሄድኩበት ቀን ብዙ ነው። ዕድሜ ሰውን ያጀግናል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን አላጀገነኝም። ባለፈው ሳምንትም ለካችኝና፣ «ደህና ነዎት ቲቸር፣ ጨው ብቻ ይቀንሱ» አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ።