የወንድሜን የካርድ ዕዳ ልንከፍል የሄድን ዕለት

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የባንክ ካርድ ሰው እንደሚበላ ግን አይቻለሁ። ኮሮና በገባ በዓመቱ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ሱቅ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ተመስገን በክሬዲት ካርድ ዕዳ ከስቶ ከስቶ፣ ነፋስ ሲነሳ በሩን ይዞ ነበር የሚቆመው። ሱቁን ሊያጣ ነው። ገንዘቡን ምን እንዳደረገው ስጠይቀው «ተወኝ» ይለኛል፤ አገር ቤት ላለችው እማዬ ደውልልኝ ስለው ደግሞ «ስልኳ ተበላሽቷል» ይላል።

ከአገር ልጆች ለምኜ ዕዳውን የሚሸፍን ገንዘብ አገኘሁ። ተመስገን ግን ኩሩ ነው፤ ከታናሹ እጅ አይቀበልም። ስለዚህ ጋሽ ኤርሚያስንና ሌሎች የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች ይዤ፣ ደንበኛ ሳይመጣ ብዬ ገና ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኳሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሁላችንም ማስክ አድርገናል።

ተመስገን ከፈተ። ሽማግሌዎቹን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅስ ጀመር።

«አይዞህ ወንድሜ፣ በርታ» አለኝ።

«ባለዕዳው አንተ፣ የምበረታው እኔ?» አልኩት።

«እስከ መጨረሻዋ ቀን ከካርዱ እያወጣሁ የእማዬን ኦክስጅን ከፍያለሁ። ስልኳ ተበላሽቷል ብዬ የዋሸሁህ፣ መንገድ ሲከፈት አገር ቤት ገብተህ ከዘመድ መሃል መርዶዋን እንድትረዳ ብዬ ነው። እንኳን እነ ጋሽ ኤርሚያስ ነገሩህ፤ እኔ አፌ እንቢ አለኝ።»

ከኋላዬ ጋሽ ኤርሚያስ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ።

«ልጄ» አሉት ጋሽ ኤርሚያስ፣ «እኛ እኮ ዕዳህን ልንከፍል ነው የመጣነው።»