ልመና የሌለበት ማመልከቻ

ነቀምቴ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ለደንበኛ ማመልከቻ ስጽፍ ነው ፖሊሶች የያዙኝ። ባለፈው ሳምንት በሹሞቹ ላይ አቤቱታ ያጻፈው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የደንበኛ ነገር አላወራም ስል ባጃጅ ላይ ጭነው ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። ፍተሻው ላይ ቀበቶዬን ወሰዱ፣ ብዕሬን ረሷት። የክፍሉ በር ሲከፈት የሽንትና የላብ ሽታ ፊቴን መታኝ። ሰው በሰው ላይ ተደርቧል። እግሬ አልገባም አለኝ፤ ገፍተው አስገቡኝ።

ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ የአንገር ጉቲን ገበሬ ናቸው፤ በሰፈራው ዘመን በወጣትነታቸው ከወሎ የመጡ። አኖ ከተማ ላይ ፖሊሶች ከሚኒባስ ካወረዷቸው ሦስት ሳምንት ሆኗል። ዳኛ አላዩም። ሙያዬን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«እንግዲያ ጻፍልኝ፤ ዳኛ ፊት ያቅርቡኝ።»

በካርቶን ቁራጭ ላይ በኦሮምኛ ጽፌ በአማርኛ አነበብኩላቸው። እንደ ልማዴ «በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

«ማነው የሚለምነው?»

«አጻጻፉ ነው፣ አባባ።»

«ከለመንኳቸውማ የእነሱ ስጦታ ሆነ። ዛሬ ቢሰጡኝ ነገ ሊነሱኝ ነው። ሕጉ በአርባ ስምንት ሰዓት ይል የለም? ሰርዘው፣ ልጄ።»

ደነገጥኩ። ሃያ ዓመት ስጽፍ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ሰረዝኩት። ካርቶኑን ራሳቸው ለተረኛው ፖሊስ ሰጡት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችንንም ኃላፊው ቢሮ ጠሩን። ሰውየው ካርቶናችንን ይዟል፤ አልተቆጣም።

«ኮታ፣ ኑ ግቡ። ይሄ የሰው አጻጻፍ አይደለም። "ይቅርታ እለምናለሁ" ብላችሁ ፈርሙና አሁኑኑ ቤታችሁ ሂዱ።»

ወረቀትና ብዕር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ዳኛ የለ፣ ትእዛዝ የለ፤ መፈታታችን ያለው በዚህ ሰው አፍ ላይ ነው።

ሽማግሌው ብዕሩን አልነኩም።

«ኦቦ፣ እኔ ዳኛ ነው ያልኩት። ይቅርታ መቼ አልኩ?»

ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ማንም ሳይነካቸው ወደ ክፍሉ ተመለሱ።

እኔ ጻፍኩ። ለማንም እንደዚያ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም። ለምሳ ቤቴ ደረስኩ፤ ሚስቴ ስታለቅስ ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ።

ሽማግሌው ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳኛ ፊት ቀርበው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጡ። የትእዛዙን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልለው ኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ ይባላል። እኔ ዛሬም እዚያው በር ላይ እጽፋለሁ። ለምን እንደተፈታሁ የሚናገር ወረቀት የለኝም። የፖሊስ መኪና ሲመጣ መጻፌን አቁሜ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።