ከሐዲዱ ማዶ

ዛሪን የምርመራ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች የባቡር ሐዲዱ ጠርዝ ላይ ቆመች። ማዶ ባለችው ክፍል ሼህላ ሦስት ሳምንት እያሳላት ደም እየተፋች ተኝታለች፤ ተነስታ ለመምጣት አቅም የላትም።

እነሱም እኔም፣ ሁላችንም ወንድ ተብለን ተወልደን ሴት ሆነን የምንኖር ነን። በከተማችን በሙልታን እንደኛ ያለ ሰው በአንዲት ጉሩ ሥር ያድራል፤ ጉሩ እናትም ዳኛም ናት፤ በየሰርጉ ጨፍረን የምናመጣውን ገንዘብም የምትቀበል እሷ ናት። የእኛ ጉሩ ግዛት ሐዲዱ ላይ ያበቃል። ማዶው የጉሩ ፊርዶስ ነው፤ ያለፈቃድ የተሻገረች ቤት አይኖራትም። ዛሪን ስለ ሳንባ ነቀርሳና ኤች አይ ቪ ለእኛው ሰዎች እየዞረች ታስተምራለች፤ የጤና ጣቢያው መታወቂያዋ ግን ሐዲዱን አያሻግርም።

ለፊርዶስ ደወለች።

«እማማ፣ አክታዋን ብቻ ልውሰድ።»

«ድሮ ልጅ የሚያስኮበልሉብኝ በጌጥ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በአክታ ሆነ?»

«ምን ታደርግልኛለች? መጨፈር እንኳ አትችልም።»

«ገና ትጨፍራለች። ከፈለግሽ ጉሩሽ ራሷ መጥታ ትለምነኝ።»

ሁለቱ ጉሩዎች ከተኳረፉ አራት ዓመታቸው ነው። የኛዋ እግር ላይ ወደቅን።

«ቀድማ የሰደበችኝ እሷ ናት፤ ቀድማ ትምጣ» አለችና ሻይዋን መጠጣቷን ቀጠለች።

ዛሪን ከዚያ በኋላም በየጠዋቱ እየሄደች ሐዲዱ ጋ ትቆም ነበር።

ሼህላ በረመዳን ሁለተኛ ሳምንት ሞተች። አብረዋት ያድሩ ከነበሩት አራት ሰዎች ሦስቱ በዚያው ዓመት በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ።