የእናቴን ጥርስ ለመለየት፦ ከተበላ እስከ ጉኑኖ

ተበላ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ጸልየን ወጣን። ወንድሜ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። ተበላ ያለችበት ሁምቦ ወረዳ ገና በማለዳው ይሞቃል። በቆሎ የጫነ የአህያ ጋሪ፣ ወደ ገበያ የሚነዱ ፍየሎች፣ ከኋላ ኮረብቶቹ። በልጅነቴ ራቁታቸውን ነበሩ፤ ዛሬ ደን ለብሰዋል። ደስ ይላል። ኖርዌይ ሆኜ አገሬን ሳስብ የሚመጣብኝ ግን አሁንም ያ ራቁት ኮረብታ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ከጀሶ የተሠሩ ሁለት የጥርስ ቅጂዎች አሉ። ሥራዬ የሰውን የራስ ቅልና የጥርስ ቅርፅ መለካት፣ ከሰው ሰው እንዴት እንደሚለያይ መመዝገብ ነው። ተማሪ ሳለሁ፣ ለልምምድ ብዬ የእናቴንና የታናሽ እህቷን ጥርስ በአንድ ቀን ቀዳሁ። ስማቸውን በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩባቸው፤ ጀሶው ሳይደርቅ! ኖርዌይ ደርሼ ስከፍት ወረቀቶቹ ረግፈው ታች ተኝተዋል። የሁለቱን ልዩነት መለካት እችላለሁ። የትኛው የማን እንደሆነ ግን መለኪያ አይናገርም።

እናቴ ስታርፍ አነስ ያለውን «ይህ የእሷ ነው» ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩት። ጠዋት ጠዋት አወራዋለሁ። ጣዖት እንዳይሆንብኝ እየፈራሁም አወራዋለሁ። ይህን የምታውቀው አክስቴ በቅርቡ በስልክ «አንድ መንጋጋ ጥርስ ብቻ ቀረኝ፤ እሱም ይነቃነቃል» አለችኝ። እሱ ከወለቀ የእናቴን የሚለይልኝ ነገር የለም። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ።

ሶዶ፣ ሁለት ሰዓት

መኪና ቀየርኩ። ዳሞታ ተራራ አናቱን በደመና ሸፍኗል። ለካርቶኑም የአንድ ሰው ወንበር ከፈልኩለት።

«እህቴ፣ ዕቃውን ጣሪያው ላይ እንጫነው» አለ ሹፌሩ።

«ይሰበራል።»

«እንቁላል ነው?»

መዋሸት አልወድም። «ጥርስ ነው። የእናቴና የአክስቴ።»

አጠገቤ አቮካዶ የታቀፈች ሴት «በኢየሱስ ስም!» ብላ ወደ መስኮቱ ሸሸች። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። «እንግዲያው ቀበቶ እሰሪላቸው፤ እንዳይነክሱን።» መኪናው በሳቅ ሞላ። ጥቂት እንደሄድን ሴትዮዋ ራሷ «እስቲ አሳዪኝ» አለች። ከፈትኩላት። አገላብጣ አየችና «ያምራሉ። ስኳር አልለመዱም ነበር» ብላ ፈረደች።

ቀይ አፈር፣ እንሰት፣ ባሕር ዛፍ፣ ደግሞ እንሰት። እናቴ እኔን አዝላ ይህን መንገድ በእግሯ ትሄደው ነበር። ላቧ ጉንጬ ላይ ይቀዘቅዝ እንደነበር አስታውሳለሁ። እኛ ሳንጠግበው ደረስን።

ጉኑኖ፣ አራት ሰዓት

«ሳሮ! ሳሮ!» አክስቴ በወላይትኛ ሰላም እያለች ከበሩ ላይ ጀምራ ሳመችኝ። ሳትቀመጥ «ቶሎ በይ፣ ሳይወልቅ» አለች። ፀሐይ ባለበት በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት።

መንጋጋ ጥርስ አናቱ ላይ ጉብታዎች አሉት። የአክስቴ ጥርስ በቀረበት በዚያው ቦታ አንደኛው ጀሶ አራት፣ ሌላው አምስት አለው። ጠረጴዛዬ ላይ የኖረው ባለ አምስቱ ነው። የአክስቴ አራት ከሆነ፣ ባለ አምስቱ የእናቴ ነው ማለት ነው። ጌታ ሆይ፣ አራት አድርገው አልኩ፤ ከዚያ በጸሎቴ አፈርኩ።

«ምነው ዓይንሽን ጨፈንሽ? አፍ የከፈትኩት እኔ!»

በባትሪ አበራሁ። አናቱ አልቋል፣ ግን ይቆጠራል። አምስት። ስፋቱን ካሊፐር በሚባለው መለኪያዬ ሦስት ጊዜ ለካሁ። ሦስቴም ከባለ አምስቱ ጋር ገጠመ።

«ምን ሆነሽ?»

«ያ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው... የአንቺ ነው።»

ተንከትክታ ሳቀች። «ይህን ሁሉ ዓመት የምታወሪው ከእኔ ጋር ነዋ! እኔ እኮ ጆሮዬን የሚያሳክከኝ ምንድን ነው እላለሁ። ምን ስትይኝ ነበር?»

ካሊፐሩን አስቀመጥኩ። ከዚያ እንደምንም «እማዬ፣ ለቀብርሽ ሳልደርስ ቀረሁ፣ ይቅር በይኝ ነበር የምለው» አልኳት።

አክስቴ ሳቋን አቆመች። የእናቴን ጀሶ ከካርቶኑ አንስታ በአውራ ጣቷ ጥርስ በጥርስ ዳሰሰችው።

«እንግዲህ የሰማሁት እኔ ነኝ» አለች። «ይቅር ብያለሁ። እሷም ከእኔ የተለየ አትልም።»

የተቀቀለ ጎደሬ ቆርሳ ዳታ በሚሉት የበርበሬ ማባያ ነከረችና አጎረሰችኝ። የበርበሬው ቃጠሎ ዓይኔ ድረስ ወጣ፤ ለእንባዬ ምክንያት ሆነኝ።